ከገበያ የሚሰበሰብ መጫወቻ ቤቴ አለ፤ ምን ላድርገው?

የሕፃኑ እናት፦
እባካችሁ ምከሩኝ። ለልጄ በስጦታ የመጣ የፕላስቲክ መኪና አለ። አምራቹ «ጎማውና ቆቡ እየወለቀ ሕፃን ሊያንቅ ይችላል» ብሎ ከገበያ እየሰበሰበው መሆኑን ዛሬ አነበብኩ። ልጄ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው። የእኛው ጎማ ግን ስስበው ንቅንቅ አይልም። በሱፐር ግሉ ባጣብቀው አይበቃም? ደረሰኝም የለኝ።

የመንታዎች አባት፦
መጀመሪያ አንሺበት። ንቅንቅ አለማለቱ ምንም ማለት አይደለም፤ የሌሎቹም እስኪወልቅ ድረስ ጠንካራ ነበር። ከዚያ ገልብጪውና ከሥሩ ያለውን የሞዴልና የምርት ቁጥር ከማስታወቂያው ጋር አስተያዪ። አንዳንዴ የሚሰበሰበው በተወሰነ ጊዜ የተመረተው ብቻ ነው። ደረሰኙ አያሳስብሽ፣ ብዙ ጊዜ ዕቃው ራሱ ይበቃል። ወይ ገንዘብ ይመልሳሉ፣ ወይ ይቀይራሉ፣ ወይ መጠገኛ ይልካሉ። «ሰባብራችሁ ፎቶ ላኩ» የሚሉም ስላሉ ማስታወቂያውን አንብበሽ ሳትጨርሺ እንዳትጥዪው። ለሌላ ልጅ መስጠትማ አይታሰብም።

ባለመፍቻው፦
ሱፐር ግሉውን ተዪው እህቴ። ሲደርቅ ጠንካራ ይመስላል እንጂ መሬት ላይ ሁለቴ ሲጋጭ ይለቃል። ልጁም ያኝከዋል።
ሌሎቹንም መጫወቻዎች ፈትሺ። ፈታሾች 31.7 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ሲሊንደር አለቻቸው። ሳይጫኑት ሙሉ በሙሉ የገባባት ነገር ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። የሶፍት መሃል ካርቶን ከእሷ ሰፋ ስለሚል ለቤት ጥሩ መለኪያ ነው። ኳስ ላይ ደግሞ ጥብቅ ሁኚ፤ ክብ ነገር ጉሮሮን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። የአሜሪካ ደንብ ለዚህ ዕድሜ ከ44.4 ሚሊሜትር ያነሰ ኳስ አይፈቅድም።

ዝም ብዬ አልፌ፦
አታካብዱ ባካችሁ። እኛ ያልተጫወትንበት ምን አለ? ይኸው አድገናል።

የመንታዎች አባት፦
ያላደጉት እዚህ መጥተው አይጽፉም ወንድሜ።

የሕፃኑ እናት፦
አነሳሁት፤ ቁጥሩም አንድ ነው። ግን አሁን ሳየው የአንዱ ጎማ ቆብ የለም! ትናንት ማታ ትን ብሎት ክፉኛ ሲያስል ነበር፣ ከዚያ ተወው። ዛሬ ግን አልፎ አልፎ ሲተነፍስ ሲር ሲር ይላል። ይጫወታል፣ ይበላል።

ነርስ ነኝ፦
የኔ እናት፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው። ድንገት ትን ብሎ ካሳለ በኋላ ሲር ሲር ማለት ዕቃው ወደ ሳንባ ቧንቧ ወርዶ ሊሆን ይችላል። መጫወቱ አያዘናጋሽ። ፕላስቲክ ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ስለዚህ «ራጁ ንጹሕ ነው» ቢሉሽም የማታውን ሳልና የጠፋውን ቆብ ሳትነግሪያቸው እንዳትመለሺ።
መንገድ ላይ ድንገት ቢታነቅ፦ ድምፅ አውጥቶ እያሳለ ከሆነ ያስል፣ አትንኪው። ማሳልም ማልቀስም ካቃተው ወደ ፊት ደፋ አድርገሽ በትከሻዎቹ መሃል ጀርባውን በመዳፍሽ 5 ጊዜ ምቺ። ካልወጣ ከእንብርቱ ከፍ ብሎ ሆዱን 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ግፊ፤ እስኪወጣ እያፈራረቅሽ። (ዓመት ያልሞላውን ሆዱን አይነኩም፣ ደረቱን ነው።) የማታዪውን ነገር በጣትሽ አትፈልጊ፣ ይብስ ትገፊዋለሽ።
መኪናዋንም ይዘሽ ሂጂ። የቀሩትን ቆቦች ሲያዩ ምን እንደሚፈልጉ ይገባቸዋል።