የ6 ሰዓት ኪራይ ለ2 ሰዓት ተኩል ፕሮግራም ይበቃል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የማኅበራችን የኪነ ጥበብ ኮሚቴ ወደ 200 ሰው የሚታደመው ምሽት እያሰናዳ ነው። ባንድ፣ አጭር ድራማ፣ ውዝዋዜና ሦስት ገጣሚዎች አሉ፤ በመተላለፊያው ላይ ደግሞ የሥዕል ዐውደ ርእይ ይኖራል። አዳራሹ ከ16:00 እስከ 22:00 ተይዟል፣ ቀብድ ግን ገና አልተከፈለም። ፕሮግራሙ 2 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከመፈረማችን በፊት ምን እንይ?

መልስ 1

መጀመሪያ ሰዓቱን ደምሩት። ዕቃ አስገብቶ መዘርጋት 60 ደቂቃ፣ ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ፍተሻ) 90፣ በር ከፍቶ ሰው ማስቀመጥ 30፣ ፕሮግራሙ 150፣ አፍርሶ ማጽዳት 45። ድምሩ 375 ደቂቃ ሲሆን የተከራያችሁት 360 ነው። ማንም ሳያረፍድ ገና ከመነሻው 15 ደቂቃ ጎድሏችኋል። በብዙ ውል ላይ «እስከ 22:00» የሚለው ደግሞ ሙዚቃው የሚያበቃበት ሳይሆን አዳራሹ ባዶ ሆኖ ቁልፍ የሚመለስበት ሰዓት ነው። ከዚያ ያለፈው በትርፍ ሰዓት ሒሳብ ከማስያዣው ላይ ይቆረጣል።

ውሉ ላይ የሚታዩ ሌሎች ነገሮች፦ የተጻፈው የሰው ቁጥር ለቆመ ነው ለተቀመጠ? አርቲስቶችንና አስተናጋጆችን ይጨምራል? ሚክሰሩ (የድምፅ መቆጣጠሪያው) ከታዳሚው መሀል ወደ ኋላ ገፋ ብሎ ሲቀመጥ እስከ 10 ወንበር ይበላልና 200 ትኬት ከመሸጣችሁ በፊት ያንን ቀንሱ። የተጠያቂነት ኢንሹራንስ የሚጠይቁ ከሆነ ፖሊሲው የሚያሰናክል ገመድንም የሚወድቅ ስፒከርንም መሸፈን አለበት። የድምፅ መገደቢያ መኖሩንም ጠይቁ። በአንዳንድ አዳራሽ ድምፁ ከተወሰነው በላይ ሲሄድ የመድረኩ ኤሌክትሪክ በራሱ ይቋረጣል፤ ዲጂታል ሚክሰር እዚያው መስመር ላይ ከተሰካ ተመልሶ እስኪነሣ ሕዝቡ በጸጥታ ይጠብቃል።

መልስ 2

ወንድሜ ከላይ ያሉት ልክ ነው። የምጨምረው አንድ ነገር፣ ሰዓት ሲጠብ ኮሚቴ ሁሉ መጀመሪያ የሚቆርጠው ሳውንድ ቼክን መሆኑን ነው። አትንኩት። የሚቆረጠው ፕሮግራሙ ነው።

ለምን እንደሆነ ወደ ሚክሰሩ የሚገባውን መስመር ቆጥራችሁ እዩት፦ ድራም 4፣ ቤዝ 1፣ ኪቦርድ 2፣ ጊታር 1፣ ክራር 1፣ ማሲንቆ 1፣ ድምፃውያን 3፣ የድራማው ገመድ አልባ ማይክ 4፣ ለውዝዋዜው የተቀዳ ሙዚቃ 2፣ የመድረክ መሪና ገጣሚ 1። 20 ሆነ። 16 መግቢያ ያለው ሚክሰር አይበቃም፤ 24 ያለው ይከራይ። ለእያንዳንዱ መስመር 3 ደቂቃ ቢሰጥ ብቻውን 60 ደቂቃ ነው፤ የቀረው 30 ለሞኒተር፣ ማለትም አቅራቢው ራሱን ለሚሰማበት ስፒከር፣ እና ለአንድ ሙሉ ዘፈን ነው።

ሳውንድ ቼክ ከመጨረሻው አቅራቢ ይጀምራል። ባንዱ መዝጊያ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይፈተሽ፣ የእግር ቦታው በቴፕ ምልክት ይደረግበት፣ የሚክሰሩ አቀማመጥ ይቀመጥ (ሴቭ ይደረግ)። መጨረሻ ላይ የሚፈተሸው መክፈቻው ነውና መድረኩ ለመጀመር እንደተዘጋጀ ይቆያል።

ማይኩ የሚጮኸው ስፒከሩ ማይክ ከያዘው ሰው ኋላ ሲቆም ወይም ሞኒተሩ ማይኩ በሚሰማበት አቅጣጫ ሲቀመጥ ነው። ስፒከሮቹ ከመድረኩ ፊት፣ ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ ይቁሙ። ማይኩ ካርዲዮይድ (ከፊቱ የሚሰማ፣ ከጀርባው የማይሰማ) ከሆነ ሞኒተሩ በቀጥታ ከጀርባው ይሁን፤ ሱፐርካርዲዮይድ (ከጀርባውም ጥቂት የሚሰማ) ከሆነ ትንሽ ወደ ጎን። ክራሩ ፒክአፕ (የተገጠመለት ድምፅ መቀበያ) ካለው በዲአይ ቦክስ (መሣሪያውን ከሚክሰሩ ጋር በሚያገናኝ ሣጥን) ይግባ። ማሲንቆ ከቆዳው ፊት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ማይክ ይፈልጋል፤ አጠገቡ ያለውን ሞኒተር ዝቅ አድርጉ።

ስፒከሩ «ህምም» ካለ ባብዛኛው የመሬት ሽቦ ዙር (መሣሪያዎቹ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ከመሬት ሽቦ ጋር መገናኘታቸው) ነው። ዲአይ ቦክሱ ላይ ያለውን የመሬት ማቋረጫ ተጠቀሙ። የመሰኪያውን የመሬት እግር መቁረጥ ሰው ይገድላል፤ ይህን «ዘዴ» የሚመክር ካለ ከመድረኩ አርቁት።

ጠያቂ

እግዜር ይስጥልን። ፕሮግራሙን ወደ ስንት እናውርደው? የቦርዱ አባላት ንግግርም አለ።

መልስ 1

110 ደቂቃ። ውዝዋዜ 10፣ ድራማ 20፣ እረፍት 15፣ ባንድ 35፣ ግጥም 15፣ መሸጋገሪያ 15። ያኔ ጠቅላላው 335 ይሆንና 25 ደቂቃ መጠባበቂያ ይተርፋችኋል። ድራሙ ከጅምሩ ከኋላ መጋረጃ ጀርባ ተዘርግቶ ይቆይ፤ በእረፍቱ መጋረጃውን መግለጥ ብቻ ይቀራል። ገጣሚዎቹን አንድ ላይ አትደርድሩ። የድራማው ዕቃ ሲገባ አንዱ ከመጋረጃው ፊት ያንብብ፣ ሲወጣ ሌላው። መሸጋገሪያው በግጥም ይሸፈናል፣ ሕዝቡም ስልኩን አያወጣም።

ንግግር? ሁለት ሰው፣ ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ፣ እሱም በመሸጋገሪያ ላይ። «አንድ ቃል ብቻ» ብሎ ማይክ የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ እምቢ የሚል አንድ ሰው ከወዲሁ ይሰየም፤ መድረክ መሪው ይሉኝታ ስለሚይዘው እሱ አይሁን።

የበሩንም ስሌት አትርሱ። የኪውአር ትኬት በሰው 10 ሴኮንድ ቢወስድ 200 ሰው በአንድ መስመር ከ33 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ የተመደበው 30 ነው። ሁለት ስካነር አቁሙ፤ በር ላይ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው ለብቻው ይሰለፍ።

መልስ 3

ሰላም ለቤቱ። ስለ ዐውደ ርእዩና ስለ ወረቀት ጉዳይ ላክልበት።

ሥዕሎቹ መሀላቸው ከወለሉ ከ145 እስከ 155 ሳንቲ ሜትር ላይ እንዲውል ይሰቀሉ። ግድግዳ መብሳት በብዙ ቦታ ስለሚከለከል የመስቀያ ሐዲድ ከሌለ የሚቆም ፓነል ተከራዩ። ፓነሉ የአደጋ መውጫን እንዳይጋርድ፣ መተላለፊያውንም እንዳያጠብ። እያንዳንዱ ሥራ ሲረከብ ፊቱም ጀርባውም ፎቶ ይነሣ፤ ያለበት ጭረት ተጽፎ ሠዓሊውና ተረካቢው ይፈርሙ። ያለዚያ ሲመለስ «ያኔም ነበር፣ አልነበረም» ይመጣል። ኢንሹራንሱ መጓጓዣውን ካልሸፈነ ብዙም አይጠቅምም፤ ሥዕል የሚጎዳው ባብዛኛው ሲጫንና ሲወርድ ነው።

ለፖስተሩ፣ የግዕዝ ፊደል ያለበትን ፋይል ለማተሚያ ቤት ስትልኩ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ ወይም ፎንቱን ፒዲኤፉ ውስጥ አካትታችሁ ላኩ። አለበለዚያ ባዶ ሣጥኖች ይታተማሉ፣ አማርኛ የማያነብ አታሚ ደግሞ ስሕተት መሆኑን አያውቅም። ምስሉ 300 ዲፒአይ ይሁን፣ በዙሪያው 3 ሚሊ ሜትር የመቁረጫ ትርፍ ተዉ። በር የሚከፈትበትን ሰዓት «18:30» ብላችሁ ጻፉ፤ «12 ሰዓት ተኩል» ካላችሁ አንዱ ቀትር ላይ፣ ሌላው ማታ ይመጣል።

ሙዚቃውን በሕዝብ ፊት ለማቅረብ የመብት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን የሚሰጡት ድርጅቶች፦ ጀርመን ጌማ፣ ስዊድን ስቲም፣ ካናዳ ሶካን፣ አሜሪካ አስካፕና ቢኤምአይ ወዘተ። አዳራሹ ዓመታዊ ፈቃድ እንዳለው በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከሌለው አስቀድሞ ማስመዝገብ የአዘጋጁ ሥራ ነው።

ጠያቂ

አንድ ነገር ቀረኝ፤ የድራማውን ገመድ አልባ ማይኮች ከሌላ አገር የሚያመጣልን ሰው አለ። ችግር አለው?

መልስ 2

አለው እህታችን። የተፈቀደው ፍሪኩዌንሲ በየአገሩ ይለያያል። አሜሪካ ለምሳሌ የ600 ሜጋኸርዝ ባንድን አብዛኛውን ክፍል እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ለገመድ አልባ ማይክ ከልክላለች። ሌላ ቦታ ሕጋዊ የነበረው ማይክ እዚያ ቅጣት ያስከትላል፤ የሞባይል ኔትወርኩም ድምፁን ይቆራርጠዋል። ቻርጀሩም ላይ 100–240 ቮልት መጻፉን እዩ፤ 120 ብቻ የሚለው 230 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። አራቱን ማይክ እዚያው ካላችሁበት ተከራዩ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት አዲስ ባትሪ ይዛችሁ ከድራማው በፊት ቀይሩ። አምስተኛ ማይክ ደግሞ በገመድ ተሰክቶ ከመጋረጃው ጀርባ ይቁም።