ለጤና ብዬ ብስክሌት ልጀምር ነው፤ ከገርጂ ተነስቼ እንዴት ልንዳ?

የገርጂዋ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 43፣ ቁመቴ 1.62 ሜትር፣ ክብደቴ 79 ኪሎ ነው። የደም ግፊቴ 138 በ88 ስለሆነ ሐኪሜ መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት በእንቅስቃሴ እንድሞክረው መክሮኛል። ሩጫ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ብስክሌት መረጥኩ። ልገዛ ያሰብኩት ያገለገለ፣ ባለ 26 ጎማና 21 ማርሽ ያለው ማውንቴን ብስክሌት ነው። ሚዛን መጠበቅ ከልጅነቴ ጀምሮ እችላለሁ፤ በአስፋልት ላይ ከመኪና ጋር ግን ነድቼ አላውቅም።

ያገለገለ ሲገዛ ምኑ ይታያል? በሳምንት ስንት ቀን፣ ለስንት ደቂቃ ልንዳ? ሚኒባስና ውሻስ እንዴት ይታለፋሉ? በሦስት ወር ውስጥ እንጦጦ መውጣት እፈልጋለሁ፤ ይቻላል?

ማርሽ ቀያሪ

እህቴ፣ ባለ 26 ጎማ ለቁመትሽ ይሆናል። ዋናው የፍሬሙ መጠን ነው፤ 15 ወይም 16 ኢንች ፈልጊ። ካልተጻፈበት ጫማሽን እንዳደረግሽ አግዳሚውን ብረት በእግሮችሽ መካከል አድርገሽ ቁሚ። ከብረቱ በላይ 5 ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ከሌለ ብስክሌቱ ትልቅሽ ነው፤ ድንገት ስታቆሚ ብረቱ ላይ ታርፊያለሽ። ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለውን ርካሽ ብስክሌት ግን ተይው። ሲበዛ ከባድ ነው፤ በየእርግጫው ኃይልሽን የሚበላው ሞላው ነው።

ሻጩ ዘንድ ስትደርሺ ቀለሙን እርሺና እነዚህን እዪ። የፊቱን ፍሬን ጨብጠሽ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ነቅንቂው። መሪው ሥር ኳ ኳ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል፤ ከላላ ይጠበቃል፣ ካለቀ ይቀየራል። ቀጥለሽ የፔዳሉን ክንድ ይዘሽ ወደ ጎን ግፊው፤ መነቃነቅ የለበትም። ጎማውን አንስተሽ አሽከርክሪውና ቸርኬው ከፍሬን ሸራው አንጻር ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ተመልከቺ። እስከ 3 ሚሊሜትር ድረስ ባለሙያ ሽቦዎቹን ወጥሮ ያስተካክለዋል። ቸርኬው ሸራ የሚነካበት ጎን በጣት ሲዳሰስ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ግን ብረቱ ሳስቷል፤ አየር ሲሞላ ወይም ቁልቁለት ላይ ሊከፈት ይችላል። መሪው አካባቢ ያለው ብየዳ ሥር ቀለሙ በመስመር ከተሰነጠቀ ወይም በቀጭኑ ከዛገ ግማሽ ዋጋ ቢሉሽም አትግዢ።

ሰንሰለቱን በማስመሪያ ለኪው። ከአንዱ ፒን መሃል ተነስተሽ 24 ክፍተት ቆጥረሽ የምታገኚው ርዝመት አዲስ ሲሆን 30.5 ሴንቲሜትር ነው። 30.7 ከደረሰ ሰንሰለቱን ቀይሪ። ከ30.8 ካለፈ ምናልባት የኋላውን ጥርስም አብሮ በልቶታል፤ ያኔ ሰንሰለት ብቻ ብትቀይሪ ዳገት ላይ ስትረግጪ ይዘልልሻል። ቆመሽ እየረገጥሽ ከዘለለ ደግሞ ትወድቂያለሽ።

ፔዳል የምታስቀይሪ ከሆነ የግራው ጥርስ የተገላቢጦሽ መሆኑን ለሠራተኛው አስታውሺው። ሲጠብቅ ወደ ግራ፣ ሲፈታ ወደ ቀኝ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በኃይል አዙሮ የክንዱን ጥርስ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ በመንገድ ላይ ይወልቃል።

እርግጫ ቆጣሪ

ስለ መጠኑ እኔ ልመልስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ወደዚያ አይዘለልም። በሁለቱ የመጀመሪያ ሳምንታት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ ሜዳ ላይ ይንዱ። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ በእያንዳንዱ ጉዞ ላይ 5 ደቂቃ ብቻ ይጨምሩ፤ በስምንተኛው ሳምንት 50 ደቂቃ በሦስት ቀን፣ ማለትም 150 ይሞላል። ተከታታይ ቀን አያድርጉት፤ በመካከል አንድ ቀን ይረፉ። ልብና ሳንባ ከጅማት ቀድመው ይለምዳሉና፣ በአራተኛው ሳምንት «ችያለሁ» ብሎ መንገዱን እጥፍ ማድረግ ነው ጉልበት የሚያሳምመው።

ጥንካሬውን በንግግር ይለኩ። እየነዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ልኩ እሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,355 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ቆላ ወይም ውጭ አገር የሚነዳ ሰው ስልኩ ላይ ከሚያሳየው ፍጥነት ጋር ራስዎን አያወዳድሩ።

እርግጫውን ቀላልና ፈጣን ያድርጉት። የቀኝ እግርዎን በ15 ሰከንድ ውስጥ ይቁጠሩ፤ ከ17 እስከ 20 ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከ14 በታች ከሆነ ማርሹ ከብዷል። ግፊት ላለበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማርሽ አክብዶ፣ ትንፋሽ ይዞ መግፋት ግፊቱን በዚያች ቅጽበት በጣም ከፍ ያደርገዋል። ዳገት ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ያቅሉ፤ ዳገቱ መሃል ኃይል እየሰጡ ከቀየሩ ሰንሰለቱ ይወልቃል።

ደረት ላይ ጭነት፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ከልክ ያለፈ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስ ማዞር ከመጣ ወዲያው ይውረዱ፤ ሕክምና ሳያገኙ አይቀጥሉ። ወደፊት የልብ ምትን የሚያዘገይ የግፊት መድኃኒት ከታዘዘልዎት ደግሞ በእጅ ሰዓት የሚነበበው የልብ ምት ጥንካሬውን በትክክል አያሳይም፤ የንግግሩን መለኪያ ይጠቀሙ።

ሰፈር 24

መንገዱን በተመለከተ አጭር ምክር፦ ዳር ዳሩን ያዢ። የእግረኛው ጠርዝ ሥር ከሆንሽ መኪና አይደርስብሽም።

አስፋልት

ሰፈር 24፣ ይህ ምክር በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ሰው ይጎዳል፤ ምክንያቱን ላስረዳ። ጠርዙ ሥር የጎርፍ መውረጃ ፍርግርግ አለ። ብረቶቹ ከመንገዱ ጋር ትይዩ ከሆኑ የፊት ጎማ ይውጣሉ፤ ክዳኑ የጠፋም ያጋጥማል። ጠጠርና የጠርሙስ ስባሪም የሚከማቸው እዚያው ነው። ከሁሉም የሚከፋው፣ ጠርዙ ላይ ስትጣበቂ ሾፌሩ በቂ ቦታ ያለው መስሎት ተጠግቶሽ ያልፋል፤ አንቺ ደግሞ የምትሸሺበት የለሽም። ከጠርዙ ከ70 ሴንቲሜትር እስከ 1 ሜትር ርቀሽ ቀጥ ብለሽ ንጂ። የቆሙ መኪኖችን ስታልፊ በር ቢከፈት እንዳይመታሽ ከ1.2 ሜትር ያላነሰ ራቂ። በመኪኖቹ መካከል እየገቡ መውጣት ክፉ ልማድ ነው፤ ሾፌሩ አያይሽም።

ሚኒባስን በተመለከተ፣ በሩ በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ የቆመ ሚኒባስን በቀኝ በኩል ፈጽሞ አትለፊ፤ የሚወርደው ሰው ደረትሽ ላይ ነው የሚያርፈው። ኋላው ቆመሽ ጠብቂ፣ ወይም ዞር ብለሽ አይተሽ፣ እጅሽን ዘርግተሽ፣ በግራ እለፊ። ውስጥ «ወራጅ አለ» ሲባል አንቺ አትሰሚም፤ ፍሬቻም ላይበራ ይችላል። ምልክቱ ሌላ ነው፦ ወደፊት ዳር ላይ እጁን ያነሳ ሰው፣ በመስኮት አንገቱን ያወጣ ረዳት፣ ወደ ቀኝ የዞረ የፊት ጎማ። ከሦስቱ አንዱን ካየሽ ጣቶችሽ ፍሬን ላይ ይሁኑ። ሲኖትራክና ሌላ ረጅም የጭነት መኪና መታጠፊያ ላይ ሲደርስ በቀኙ አትቁሚ፤ ሾፌሩ ያንን ቦታ አያይም፣ የኋላ ጎማውም ሲታጠፍ ወደ ውስጥ ይገባል።

ከገርጂ ቅርብሽ ከቦሌ ወደ መገናኛ የሚወስደው መንገድ ነው፤ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ተሠርቶለታል። እግረኛ ስለሚገባበት ደወል ይኑርሽ፣ ፍጥነትሽም ከ15 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለፍ። ቀለም የተቀባ ቦታ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ እዚያ ላይ አትታጠፊ፣ ፍሬንም አትያዢ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እሑድ ከጠዋቱ 12፡45 እስከ 2፡30 ድረስ ንጂ፤ ብርሃን ወጥቷል፣ መኪናው ገና ነው። ከዚያ በፊት በጨለማ አትውጪ፤ ውሻውም ጉድጓዱም የሚያስቸግረው ያኔ ነው።

ውሻ ከተከተለሽ በፍጥነት ለማምለጥ አትሞክሪ፤ ሩጫ ማባረሩን ያበረታዋል፣ እግርሽን እያየሽ ስትነጂም ትወድቂያለሽ። ቁሚ፣ ውረጂ፣ ብስክሌቱን በአንቺና በውሻው መካከል አድርገሽ በእርጋታ ተራመጂ። ከነከሰሽ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢና በዕለቱ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ለእብድ ውሻ በሽታ ነገ የሚባል ቀጠሮ የለውም።

ሄልሜት ከቅንድብ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ግንባርን ይሸፍን። ማሰሪያው ጆሮ ሥር ይገናኝ፣ አገጭ ሥር አንድ ወይም ሁለት ጣት ብቻ ያስገባ። ውስጡ ኢኤን 1078 (EN 1078፣ የአውሮፓ የብስክሌት ሄልሜት ደረጃ) የሚል ምልክት መኖሩን እዪ። አንዴ የተመታ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ይጣላል፤ ያገለገለ የማይገዛውም ለዚህ ነው።

የገርጂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብስክሌቱን በዚህ መሠረት አይቼ ገዝቻለሁ። ሦስት ነገር ልጠይቅ። የፊት ጉልበቴን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያመኛል። የፍሬኑ እጀታ ሲጨበጥ መሪውን ሊነካ ይደርሳል። ጾም ላይ ስሆንስ መቼ ልንዳ?

ማርሽ ቀያሪ

የፊት ጉልበት ካመመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመቀመጫው ዝቅ ማለት ነው። ግድግዳ ተደግፈሽ ተቀመጪና ተረከዝሽን ታች የደረሰ ፔዳል ላይ አድርጊ፤ እግርሽ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት። ስትነጂ በእግርሽ ፊት ስለምትረግጪ ጉልበትሽ በትንሹ ይታጠፋል፤ ልኩ ያ ነው። በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊሜትር በላይ አታንሺው። ከጉልበት ጀርባ ማመም ከጀመረ ወይም ዳሌሽ ግራ ቀኝ ከተወዛወዘ በጣም አንስተሽዋል። መቀመጫ ሲስተካከል መሬት በጣት ጫፍ ብቻ መንካት የተለመደ ነው፤ ስታቆሚ ወደፊት ወርደሽ ቁሚ።

ፍሬኑ እጀታው ላይ ያለችውን ክብ ማስተካከያ ወደ ውጭ በማዞር ይጠብቃል። ካልበቃ ሸራው ጋ ያለውን ብሎን ፈትተሽ ገመዱን 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ሳቢውና መልሰሽ አጥብቂ። ሸራው ከቸርኬው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ይራቅ፣ ሲይዝም ሙሉ በሙሉ ቸርኬው ላይ ይረፍ። ጎማውን የሚነካ ሸራ በጥቂት ቀናት ጎማውን በልቶ ያፈነዳል። ሸራው ላይ ያሉት ጎድጓዳ መስመሮች ከጠፉ ቀይሪው።

የጎማውን ነፋስ እስካሁን ማንም አላነሳውም። ለክብደትሽ ስፋቱ 1.95 ወይም 2.1 ኢንች የሆነ ጎማ ከሆነ ከኋላ 42፣ ከፊት 38 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ሙይው፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ግን አትለፊ። ጎሚስታ ጋ ስታስሞዪ ኮምፕሬሰሩ ለመኪና የተሠራ ስለሆነ በሰከንዶች ውስጥ ያፈነዳዋል፤ ጥቂት ጥቂት እያሉ ይለኩልሽ። ነፋሱ ካነሰ ደግሞ ጉድጓድ ስትመቺ ቸርኬው የውስጥ ጎማውን ሁለት ቦታ ጎን ለጎን ይበሳዋል። አንድ ቀዳዳ ብቻ ካገኘሽ እሾህ ወይም ሽቦ ነው፤ የውጩን ጎማ ውስጡን በጨርቅ ዳስሰሽ ሳታወጪው አዲስ አታስገቢ።

ሰንሰለቱን የሞተር ዘይት አትቀቢው፤ አቧራ ሰብስቦ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፈጫል። ቀጭን ዘይት በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ አድርጊ፣ አሥር ደቂቃ ቆይተሽ በጨርቅ ጥረጊው። ቸርኬውን ዘይት እንዳይነካው። ሰፊ ሱሪ ከሆነ ቀኝ እግርሽን እሰሪው፤ የነጠላ ጫፍና ረጅም ቀሚስም ሰንሰለቱ ወይም ሽቦው ውስጥ ይገባሉ።

እርግጫ ቆጣሪ

በጾም ወቅት የዕለቱን ጾም ከመፍታትዎ በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት ቀለል አድርገው፣ ከ30 ደቂቃ ሳይበልጥ ይንዱ፤ እንደተመለሱ ውሃና ምግብ ያገኛሉ። ረጅሙን ጉዞ ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ ያድርጉት። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ ቆመው ጣፋጭ ነገር ይውሰዱ፤ ለዚህ ኪስዎ ውስጥ ተምር ወይም ስኳር ይኑር። ከአንድ ሰዓት ለሚያንስ ጉዞ ውሃ ብቻ ይበቃል።

አስፋልት

ስለ እንጦጦ። በሦስት ወር መውጣቱ ይቻላል፤ እኔን የሚያሳስበኝ መውረዱ ነው። ዳገት ላይ ቢደክምሽ ትወርጂና ትገፊያለሽ፣ ቁልቁለት ላይ ግን ያለሽ ፍሬን ብቻ ነው።

ለመውጣቱ ማርሹን እዪ። የፊት ትንሹ ጥርስ 28፣ የኋላው ትልቁም 28 ከሆነ ለክብደትሽ ይከብዳል። የኋላውን ከ14 እስከ 34 ባለው መቀየር ጥሩ ነው፤ ባለ 7 ደረጃ ሆኖ ይገኛል። የሰንሰለቱ ርዝመት መብቃቱን ግን አስለኪ። ዝግጁ መሆንሽን በዚህ እወቂ፦ 15 ደቂቃ ያልተቋረጠ ዳገት ሳትቆሚ፣ እየተናገርሽ መውጣት።

ከመውረድሽ በፊት ሜዳ ላይ ተለማመጂ። ከ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተነስተሽ በሁለቱም ፍሬን፣ ወገብሽን ወደኋላ ገፍተሽ፣ ፔዳሎቹን እኩል አግድም አድርገሽ ቁሚ። የፊቱ ፍሬን ይበልጣል፤ ክብደት ወደፊት ስለሚሄድ የኋላው ብቻ ከተያዘ ጎማው ይንሸራተታል። ብዙ ብስክሌት ላይ የፊቱ በግራ እጅ ነው፤ የተገላበጠም ስላለ ቀድመሽ አረጋግጪ።

ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርጂ ፍሬኑን ያለማቋረጥ አትያዢ። ቸርኬው ግሎ የውስጥ ጎማውን ሊያፈነዳ፣ ሸራውንም ሊያደክም ይችላል። ሦስት ሰከንድ ያዢ፣ ሦስት ሰከንድ ልቀቂ፤ ፍጥነትሽ ከ25 አይለፍ። መንገዱ መሃል አምስት ደቂቃ አርፈሽ አቀዝቅዢው፣ ቸርኬውን ግን በእጅ አትንኪ። እንጨት የተሸከሙ እናቶችና አህዮች ያጋጥሙሻል፤ አህያ ወዴት እንደሚዞር አይታወቅምና በእግር ፍጥነት እለፊ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይጨብጥም፤ ጓንት ያዢ። ዝናብ ከጣለ የመጀመሪያዎቹ የጎማ ዙሮች ላይ ሸራው ውሃውን ሲጠርግ ብቻ ነው የሚውለው፣ አይይዝም። በክረምት ከሰዓት ላይ ደመና ከጠቆረ ወርደሽ እየገፋሽ ነይ፣ ወይም ብስክሌቱን በፒክአፕ አስጭነሽ ውረጂ።