ያለ መኪና ሳነቴ እንዴት እንደርሳለን?

ሰላም ለሁላችሁ። በጥቅምት መጨረሻ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከታናሽ እህቴ ጋር የባሌ ተራሮችን ለማየት አስበናል። መኪና የለንም። ጊዜያችንም ከሐሙስ እስከ እሑድ ብቻ ነው።

እስከ ዲንሾ ያለው አያሳስበኝም። ከአዲስ አበባ ሮቤ የሚሄደው አውቶቡስ በዚያው ያልፋል። እዚያ ወርደን፣ የፓርኩን መግቢያ ከፍለን፣ አስጎብኚ ይዘን የደጋ አጋዘን እናያለን።

የጨነቀኝ በፓርኩ ውስጥ ያለው ከፍተኛ አምባ፣ ሳነቴ ነው። እህቴ ቀይ ቀበሮ ካላየሁ አልመለስም ብላለች፤ እኔም ከልቤ ላሳያት እፈልጋለሁ። መንገዱ ከጎባ ተነስቶ ሳነቴን አቋርጦ ወደ ደሎ መና ይወርዳል። በመና መኪና ተሳፍረን መሃል ላይ ብንወርድ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ጎባ የሚመለስ እናገኛለን? ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ መሽቶብን መቅረት በጣም ያስፈራኛል። ወይስ ከጎባ መኪና ለግማሽ ቀን መኮናተር ይሻላል? ዋጋውስ ስንት ይደርሳል?

እሑድ ማታ ደግሞ የግድ አዲስ አበባ መግባት አለብን። የሮቤው አውቶቡስ ትኬት ቀድሞ ይቆረጣል ወይስ ሌሊት መናኸሪያ ሄዶ መሰለፍ ነው? በቅርብ የሄዳችሁ ካላችሁ፣ የመንገዱንም ሁኔታ ጨምራችሁ ብትነግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።