ነጋዴው አቦት ሎውረንስ ኮንግረስ ገብቶ ምን አተረፈ?

ቀለሜው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አቦት ሎውረንስ እያነበብኩ አንድ ነገር አልገባኝም። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1792 ማሳቹሴትስ ውስጥ ግሮተን ተወለደ፣ በ1808 ቦስተን ወንድሙ አሞስ ሱቅ ገባ፣ በ1814 ሁለቱ ሸሪክ ሆኑና ሀብት በሀብት ሆኑ። እንዲህ ሞልቶለት እያለ በ1835 ኮንግረስ የገባው ምን ፈልጎ ነው? ካንሳስ ያለችው ሎውረንስ ከተማስ በሱ ስም ነው የተሰየመችው?

ሚዛን፦
ቀረጥ ነዋ! መጀመሪያ የሚነግዱት ከእንግሊዝ በሚያስመጡት ዕቃ ነበር። በኋላ ግን የኒው ኢንግላንድ (የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ) ፋብሪካዎች የሚሸምኑትን ጨርቅ መሸጥ፣ ፋብሪካ ውስጥም ገንዘብ ማስገባት ጀመሩ፤ ትናንት ራሱ ያስመጣው የነበረው የእንግሊዝ ጨርቅ ተፎካካሪው ሆኖ አረፈው ማለት ነው። ስለዚህ ከውጭ በሚገባው ላይ ቀረጥ ይክበድልኝ ይላል፣ ያ ደግሞ የሚወሰነው ዋሽንግተን ነው። ኮንግረስ ውስጥ ግን ብዙም አልቆየም። በ1837 ወጣ፣ በ1839 ተመለሰ፣ በ1840 ለቀቀ።

ብርቱካን፦
የካንሳሷ የሱ አይደለችም። የወንድሙ ልጅ የአሞስ አዳምስ ሎውረንስ ናት፣ ካንሳስ ባርነት እንዳይገባባት ሰፋሪዎችን በገንዘብ የደገፈው እሱ ነው። የአቦት የማሳቹሴትሷ ናት፤ እሱ የሚመራው ኩባንያ በ1840ዎቹ ሜሪማክ ወንዝን ገድቦ የቆረቆራት የፋብሪካ ከተማ። በ1847 ደግሞ ለሃርቫርድ 50,000 ዶላር ሰጥቶ የሳይንስ ትምህርት ቤት አስከፍቷል።

ጉድ ፈላ፦
ደግነቱን ስታወሩ ያ ፋብሪካ የሚፈትለውን ጥጥ ማን እንደለቀመው አትርሱ እንጂ። የደቡብ ባሮች ናቸው። ይሄው ነገር በ1848 መዘዝ አመጣበት። ዊግ የሚባለው የያኔው ፓርቲ ዛካሪ ቴይለርን ለፕሬዚዳንትነት አጨ፤ ቴይለር የጥጥ እርሻና ባሮች ያሉት የሉዊዚያና ሰው ነው። ምክትሉ ሎውረንስ ይሁን ሲባል ላይም ጥጥ ታችም ጥጥ ሊሆን ነው ብለው ያጉረመረሙ ነበሩና ቦታው ለሚላርድ ፊልሞር ሆነ። ቴይለር በ1850 ሞተ፣ ፊልሞር ፕሬዚዳንት ሆነ! ሎውረንስ ያኔ ለንደን የአሜሪካ መልዕክተኛ ነበር።

ቀለሜው፦
ወይ ጉድ! እና ጥጡ ባይኖር ፕሬዚዳንት ይሆን ነበር?

ጉድ ፈላ፦
ጥጡ ባይኖርማ ማን ያውቀው ነበር ብለህ ነው ወንድሜ።