አባቴ መክፈል ያቆመው መተግበሪያ ይከፍለኛል ብሎ ይጠብቃል፤ ልተወው?

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። የሒሳብ ሰው መሆኑን ያዙልኝ። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነው፤ አምስት ብር ከጎደለ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይደምራል። ይህ ሰው ባለፈው ዓመት በቴሌግራም በመጣለት መተግበሪያ 40,000 ብር አስገባ። ሥራው በየቀኑ ጥቂት ቪዲዮዎችን ከፍቶ መውደዱን በጣት መግለጽ ነበር። መጀመሪያ ላይ ገንዘብ ማውጣቱ እውነት ነው፤ እናቴ የገና ዶሮ ገዝታበታለች። ቀጥሎ ሰው ማምጣት ጀመረ። ለእያንዳንዱ ሰው 300 ብር ይታሰብለታል። ከብሎካችን አራት ቤት አስገባ። አንዷ ባለቤቷ የሞተባት፣ ምድር ቤት እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው ጎረቤታችን ናት።

ከጥምቀት በኋላ ክፍያው ቆመ። ስልኩ ላይ ግን 213,400 ብር አሁንም ይታያል፤ ጠዋት ከጸሎት ቀጥሎ የሚያየው እሱን ነው። መጀመሪያ «ሲስተም እየተስተካከለ ነው» ተባለ፤ ቀጥሎ «ከፋሲካ በኋላ»፤ አሁን ደግሞ የሚያወጣው 15 በመቶ ግብር አስቀድሞ የከፈለ ብቻ ነው ተብሏል። 32,010 ብር! ድርጅቱ የት ነው የተመዘገበው ስለው «አንቺ መጠርጠር ትወጃለሽ» ይለኛል። ወንድሜ በእንዲህ ዓይነት ነገር ስለተጭበረበሩ ሰዎች የወጣ ዜና አሳየው። መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበና «እነዚህ ሌላ ናቸው» አለ።

ገንዘቡን ተስፋ ቆርጬበታለሁ። በአምስት ብር የማይታለል ሰው ይህንን እንዴት ያምናል? እናቴ «ተስፋው ነው፣ ተይው» ትላለች።

ቆፍጣናው፦
ሳይሠሩ የማግኘት ፍላጎት ነው። ሌላ ስም አንፈልግለት።

መምህር ከኮዬ ፈጬ፦
እኔን የሳበኝ 300 ብሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ፌስቲንገርና ካርልስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለአንድ ሰዓት አሰልቺ ሥራ አሠሯቸው፤ የክር ማጠንጠኛ ትሪ ላይ መደርደርና ማንሳት፣ ሰሌዳ ላይ የተሰኩ እንጨቶችን ሩብ ዙር እያዞሩ መመለስ። ከዚያ ተራ ለሚጠብቀው ሰው «ሥራው ደስ ይላል» ብለው እንዲነግሩት ለአንዳንዶቹ 1 ዶላር፣ ለሌሎቹ 20 ዶላር ሰጧቸው። በኋላ የልባቸውን ሲጠየቁ ሥራውን ይበልጥ የወደዱት 1 ዶላር የተቀበሉት ሆነው ተገኙ። 20 የተከፈለው «ለገንዘቡ ብዬ ነው» ብሎ ይገላገላል። በ1 ዶላር ሰው ያታለለ ግን ምን ምክንያት አለው? ሥራው ደስ ይል ነበር ብሎ ማመን ይቀለዋል።

አባትሽ ደግሞ ለጎረቤት የነገሩት ራሳቸው አምነው ነው፤ ይህ ነገሩን ያከብደዋል። ማጭበርበር መሆኑን በተቀበሉ ዕለት፣ በ300 ብር ያችን ሴት የት እንደከተቷት አብሮ ይመጣል። ቁጥሩ ስልካቸው ላይ እስካለ ድረስ ግን ደረጃውን ሲወርዱ ቀና ብለው ሰላም ማለት ይችላሉ።

የሒሳብ ሰው መሆናቸውም አይግረምሽ። እ.ኤ.አ. በ1920 ቻርልስ ፖንዚ የተባለ ሰው በቦስተን ከተማ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እከፍላለሁ እያለ ገንዘብ ሲሰበስብ ነበር። ጋዜጣ ሲጠራጠረው ሰው ገንዘቡን ሊያወጣ በሩ ላይ ተሰለፈ። ፖንዚም ለተሰለፉት ቡናና ዶናት አቀረበ፤ አጫወታቸው። ሐሳባቸውን ቀይረው፣ ገንዘባቸውን እዚያው ትተው የተመለሱ ነበሩ። ለቀደሙት የሚከፍለው ከኋላ ከሚመጡት በሰበሰበው ነበር። የእናትሽም ዶሮ የተገዛው በዚሁ መንገድ ነው።

እትዬ ከለገጣፎ፦
ልጄ፣ አባትሽ በአፋቸው የሚሉትን ነገርሽን። እጃቸውስ ምን ይሠራል? ያን ገንዘብ ተማምነው ዱቤ ገብተዋል? ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል?

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሰው እጅ ገዛሁት የሚለው ቦታ ነበረው። ካርታው ይመጣል እያለ ዘመናት አለፉ። ሰፈር ውስጥ ሲያወራ የሰማው ቤቱ ጣሪያ የለበሰ ይመስለው ነበር። ነገር ግን አንድ መኪና ድንጋይ እንኳን አስገልብጦበት አያውቅም። ይህንን ካየሁ በኋላ አልጨቀጨቅሁትም። ብጨቀጭቀው ኖሮ እኔን ለማሳመን ሲል ተበድሮም ቢሆን አጥር ያሳጥር ነበር። ቁጥሩን ይዩ፣ ተያቸው። ግብር የተባለውን ግን አትተዪ፤ የጡረታ ደብተሩ የት እንዳለ እወቂ።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦
እትዬ፣ ጥያቄዎ እንቅልፍ ነሳኝ። አልተበደረም። እንዲያውም ከግንቦት ጀምሮ በፍጥነት መንገዱ መግቢያ አካባቢ መጋዘን ይጠብቃል። «እንቅልፍ ስለሌለኝ ነው» ብሎን ነበር፤ እኛም አምነነው ተቀመጥን። ደመወዙ የት እንደሚሄድ እናቴን ጠየቅኋት። ምድር ቤት ወርዶ ሁለት እንጀራ ይገዛል፣ ሺህ ብር ይሰጣል፣ መልሱን ሳይቀበል ይወጣል። ሴትዮዋም ዝም፣ እሱም ዝም።

ትናንት ደግሞ ስልኩን አስተካክዪልኝ ብሎ ሲሰጠኝ ቡድኑ ውስጥ የጻፈውን አየሁ፦ «ግብሩን ካለኝ ሂሳብ ላይ ቀንሳችሁ ቀሪውን ላኩልኝ። ከሰላምታ ጋር።» ቀን ጽፎበታል፣ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ አስፍሯል። ወዲያውኑ ከቡድኑ አስወጥተውታል። ለምን ይመስልሃል ስለው «አስተዳዳሪው ልጅ ነው፣ የሒሳብ አሠራር አያውቅም» አለኝ። ሳቄ መጥቶ ወደ ኩሽና ሄድኩ።

መምህር ከኮዬ ፈጬ፦
ያችን አንድ መስመር የትኛውም አጭበርባሪ ሊመልሳት አይችልም! በነገራችን ላይ በፒራሚድ መልክ የሚካሄድ ሽያጭ በአገራችን ሕግ የተከለከለ ነው። ገንዘብ የተላከባቸውን የባንክ ደረሰኞች አትጣሉ፤ ለፖሊስ ማመልከት ስትፈልጉ ያስፈልጋሉ።

ቆፍጣናው፦
አራት ቤት ነው ያልሽው። እንጀራ ሻጯ አንድ። የቀሩት ሦስቱስ?

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦
ሁለቱ ትተውታል፤ አባቴን ግን አያናግሩትም። ሦስተኛው፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለው ባለ ባጃጅ፣ ግብር የተባለውን ለመክፈል ከዘመድ እየለመነ ነው። እኔ ብነግረው አይሰማኝም። አባቴን ዛሬ ማታ ወደ ሥራ ሳይወጣ ላነጋግረው ነው። «ተጭበርብረናል በለው» አልለውም። ለቡድኑ የጻፍከውን ደብዳቤ ለእሱም ጻፍለት፣ ቀን አስገባበት፣ ስሙን ከነአባቱ አስፍር ነው የምለው። ይህንን እምቢ አይልም።