20,000 ነዋሪ ላላት ከተማ የመኖሪያ ማስፋፊያ ስንት ሄክታር ይበቃል?

ማስፋፊያ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 20,000 ያህል ነዋሪ ላላት ከተማ የ10 ዓመት የመኖሪያ ማስፋፊያ ረቂቅ ተዘጋጅቷል። ዕድገቱ በዓመት 4 በመቶ፣ በአንድ ቤት የሚኖረው በአማካይ 4 ሰው ነው። ረቂቁ 300 ሄክታር የእርሻ መሬት ለመኖሪያ ከልሎ፣ አንድ ቦታ ከ500 ካሬ እንዳያንስ ይላል። በዝቶብኛል። እንዴት ይሰላል? ደግሞስ የሚቀድመው ሽንሸናው ነው መንገዱ?

ፕላን ክፍል፦ እውነትዎን ነው፣ በዝቷል። 20,000 በዓመት 4 በመቶ እያደገ በ10 ዓመት 29,600 ገደማ ይደርሳል። ጭማሪው 9,600 ሰው ነው፤ ይህም 2,400 ቤት ማለት ነው። በተጣራ ሄክታር 30 ቤት ከያዝን 80 ሄክታር ይፈልጋል። የተጣራ የሚባለው የቤቶቹ ቦታ ብቻ ነው፤ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና መጫወቻ ሜዳ አልገቡበትም። እነዚህ ከጠቅላላው 40 በመቶ ይወስዳሉ ካልን፣ 80 ለ0.6 ተካፍሎ 133 ሄክታር ይመጣል። ስህተቱ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፦ ብዙዎች 80 ላይ 40 በመቶ ደምረው 112 ይላሉ። የጎደለው 21 ሄክታር የሚቆረጠው ደግሞ ሁልጊዜ ከሜዳውና ከትምህርት ቤቱ ነው። ሁሉም ባለይዞታ በአንድ ጊዜ ስለማያለማ 20 በመቶ መጠባበቂያ ይጨምሩ፤ 160 ሄክታር ያህል ይሆናል።

በ500 ካሬ እንኳ ቢሰላ ከነመጠባበቂያው 240 ነው። ስለዚህ 300 በየትኛውም መንገድ አይመጣም። ከሁሉ በፊት ግን በነባሩ ከተማ ውስጥ ባዶ የተቀመጡትን ቦታዎች ቆጥራችሁ ቀንሱ። ቱቦውና መብራቱ ደጃቸው ደርሷል።

ኮንቱር፦ ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፦ መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ዋና መንገዱ፣ ሽንሸናው መጨረሻ።

የመሬቱን ከፍታ በየ1 ሜትር ልዩነት በመስመር የሚያሳይ የኮንቱር ካርታ ይዛችሁ ጎርፉ የሚወርድባቸውን መስመሮች ሁሉ አውጡ። በ100 ዓመት አንዴ ይመጣል የሚባለው ጎርፍ የሚደርስበት መሬት ላይ ቤት አይመራ። ስሙ ያዘናጋል እንጂ በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው፤ ቤቱ 30 ዓመት ቢቆም 26 በመቶ ይደርሳል። የክረምት ቦይን በሽንሸና አጣጥፎ ማዕዘን ማስያዝ ከባድ ጥፋት ነው፤ ውሃው የድሮ መንገዱን ይዞ በሰው ሳሎን ያልፋል።

ከዚያ ዋና ዋና መንገዶችን በ1 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት፣ ከ20 እስከ 30 ሜትር ስፋት ይዛችሁ ወሰናቸውን በድንጋይ አስተክሉ። አሁን አስፋልት አያስፈልግም፤ መስመሩ ግን ከቤቶቹ በፊት መያዝ አለበት። ኒው ዮርክ በ1811 የማንሃተንን ጎዳናዎች እስከ 155ኛው ድረስ በፕላን ያስያዘችው አብዛኛው መሬት ገና እርሻ ሳለ ነው። ቤት ከተሠራ በኋላ መንገድ ማውጣት ማፍረስና ካሳ ነው።

በሽንሸናው ደግሞ ስፋቱን ብቻ አትዩ፣ ፊቱን እዩ። 200 ካሬ ሜትር ቦታ ለመንገዱ የሚሰጠው ፊት 10 ሜትር ቢሆን፣ በ100 ሜትር መንገድ ግራና ቀኝ 20 ቤት ይገባል። ፊቱ 20 ቢሆን 10 ቤት ብቻ። ስፋቱ ያው፣ የቱቦውና የመንገዱ ወጪ ግን በቤት እጥፍ።

ውሃ መስመር፦ ቦታ ማሳነሱን እደግፋለሁ፣ ግን በቅድመ ሁኔታ። የፍሳሽ መስመር ከሌለ እያንዳንዱ ቤት ሴፕቲክ ታንክና ፍሳሹ ወደ መሬት የሚሰርግበትን ማስረጊያ ይቆፍራል። ማስረጊያው ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ በሚባልበት፣ ፊቱ 10 ሜትር በሆነ ቦታ ላይ የአንዱ ማስረጊያ የሦስት ጎረቤት ጉድጓድ ይደርሳል። ስለዚህ ወይ የቧንቧ ውሃ ይቅደም፣ ወይ ቦታው ይስፋ። ለሰው በቀን 100 ሊትር ቢያዝ የ9,600ው ፍላጎት 960 ሜትር ኩብ ነው፤ ምንጩ ይህን የማይሰጥ ከሆነ ማስፋፊያውን በምዕራፍ ከፋፍሉት።

ባለ 200 ሚሊሜትር የፍሳሽ ቱቦ ቢያንስ 0.4 በመቶ ቁልቁለት ይፈልጋል፤ በኪሎ ሜትር 4 ሜትር ማለት ነው። ማስፋፊያው ከፍሳሽ ማጣሪያው ዝቅ ባለው በኩል ከሆነ ዕድሜ ልክ ፓምፕ ነው። ከሁለት እኩል ቦታዎች አንዱን ስትመርጡ ይህ ይወስን።

ማስፋፊያ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቦታው ዝቅተኛ መጠን ወደ 200 ካሬ ቢወርድ ረቂቅ ደንቡ ውስጥ ሌላ የሚነካ አለ? ከፊት 3፣ ከጎን 2፣ ከኋላ 3 ሜትር ይተው፤ ቤቱ የቦታውን እስከ 60 በመቶ ይያዝ ይላል።

ፕላን ክፍል፦ አለ፣ ሁለቱ አንቀጾች ይጋጫሉ። በ10 በ20 ቦታ ላይ ከግራና ከቀኝ 2 ሜትር ሲተው ወርዱ 6 ይቀራል፣ ከፊትና ከኋላ 3 ሲተው ርዝመቱ 14። 84 ካሬ፣ ማለትም 42 በመቶ ነው፤ 60 በመቶው በወረቀት ብቻ ቀረ። ጠባብ ቦታ ላይ በአንድ ጎን ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ገጥሞ መሥራት ይፈቀድ፦ ወርዱ 8፣ ቤቱ 112 ካሬ ይሆናል። የገጠመው ግድግዳ እሳት የሚቋቋምና መስኮት የሌለው እንዲሆን፣ የጣሪያው ውሃም ወደ ራሱ ግቢ እንዲወርድ እዚያው አንቀጽ ውስጥ ይጻፍ።