ፈርሜያለሁ፣ ግን የተሻለ ሥራ መጣ፤ እንዴት ልውጣ?

ሰላም፣ ምክር ፈልጌ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አንድ አስመጪ ድርጅት ቀጥሮኝ ውል ፈርሜያለሁ፤ ሰኞ ልጀምር ነው። ትናንት ደግሞ ድሮ የተፈተንኩበት ባንክ «አልፈሃል፣ ና» አለኝ። ደሞዙ ይሻላል፣ የቤት ብድርም አለው።

ሕጉ ብዙም አላስጨነቀኝም። ውሌ የሙከራ ጊዜ አለው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እሱ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በዚያ ውስጥ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። የጨነቀኝ ሌላ ነው። አጎቴ ከመሥሪያ ቤቱ የዋስትና ደብዳቤ አጽፎልኛል፤ ማኅተሙ ገና አልደረቀም። ኦሪጅናል ዲግሪዬም እነሱ ካዝና ውስጥ ነው። ባንኩ ደግሞ እሱኑ አምጣ ይላል!

ዲግሪዬን በሰበብ ልውሰድና ልንገራቸው ወይስ በግልጽ ልናገር? ዋስትናውስ እንዲነሳ በደብዳቤ ነው የሚጠየቀው? የደረሰበት ካለ እባካችሁ ይንገረኝ።